በእጅ ያለው መድኃኒት እስከ መቼ ይበቃል?

የትምህርቱ ዓላማ

ይህን ትምህርት ያጠናቀቀ ሰው በቤቱ ያለው መድኃኒት የሚያልቅበትን ቀን ማስላት፣ መድኃኒቱ ሳያልቅ ወደ ጤና ተቋም መሄድ የሚገባበትን ቀን መወሰንና ስሌቱ የጎደለ ቢሆን ምን ማድረግ እንደሚገባ መለየት ይችላል። ለስሌቱ እርሳስ፣ ወረቀትና የግድግዳ ካሌንደር ይበቃሉ። ማንበብና መጻፍ የማይችል ታካሚም በቤተሰቡ አባል ወይም በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ረዳትነት ሊሠራው ይችላል።

መግቢያ

በኢትዮጵያ በኮሮና ቫይረስ የተያዘ የመጀመሪያው ሰው መገኘቱ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም ይፋ ሆነ። በዚያው ወር መገባደጃ በአማራ ክልል በባሕር ዳር፣ በእንጅባራ፣ በቲሊሊና በአዲስ ቅዳም ከተሞች ለ14 ቀናት እንቅስቃሴ ተገደበ። መጋቢት 30 ቀን ደግሞ በመላ አገሪቱ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ የሕዝብ ማመላለሻ ተሽከርካሪዎችም በመቀመጫቸው ልክ ከሚይዙት ግማሹን ብቻ እንዲጭኑ ተደረገ።

ከቡሬ ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው ዋና መንገድ በቲሊሊ፣ በእንጅባራና በአዲስ ቅዳም በኩል ያልፋል። ስለዚህ ቡሬ ከአራቱ ከተሞች አንዷ ባትሆንም፣ ክትትሉ በባሕር ዳር የሆነ የቡሬ ዙሪያ ወይም የወምበርማ ነዋሪ ቀጠሮው በእነዚያ 14 ቀናት ውስጥ ቢውል ኖሮ የሚተማመነው በእጁ በቀረው መድኃኒት ላይ ብቻ ነበር። መንገድ ሊዘጋ፣ መኪና ሊጠፋ፣ ቀጠሮ ሊራዘም ይችላል፤ የደም ግፊት፣ የስኳር በሽታ፣ የሚጥል በሽታና አስም ግን ወረርሽኝ መጣ ብለው ፋታ አይሰጡም።

የእነዚህ ታካሚዎች ችግር ድርብ ነው። የደም ግፊት፣ የስኳር፣ የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ያለበት ሰው በኮቪድ-19 ቢያዝ በሽታው ሊጸናበት ይችላል፤ ስለዚህ ያለ በቂ ምክንያት ወደ መናኸሪያና ሰው ወደበዛበት ተቋም መመላለስ የለበትም። በሌላ በኩል ወረርሽኙን ፈርቶ ቤት ቢቀርና መድኃኒቱ ቢያልቅበት ሊያመልጠው የሚሞክረው አደጋ በሌላ በር ይገባበታል። ከሁለቱም የሚያድነው ቀኑን አስቀድሞ ማወቅ ነው።

ይህ ሒሳብ ለምዕራብ ጎጃም ገበሬ እንግዳ አይደለም። ክረምት ሲገባ የቤቱ አባወራና እማወራ ጎተራቸውን አይተው፣ በሳምንት የሚፈጨውን አስበው፣ እህሉ እስከ እሸት ያደርስ እንደሆነ ያሰላሉ። ዘሩን ግን ከሚበላው ለይተው ያስቀምጣሉ። የመድኃኒት ስሌትም እንዲሁ ነው፦ ያለውን መቁጠር፣ የዕለቱን ፍጆታ ማወቅ፣ መጠባበቂያውን መለየት።

1. ከስሌቱ በፊት መታወቅ ያለባቸው ነገሮች

አንደኛ፣ በእጅ ያለው ፍሬ። መድኃኒቱ ከካርቶኑ ወጥቶ በዐይን እየታየ ይቆጠራል። «አንድ ካርቶን አለኝ» ማለት ቁጥር አይደለም፤ ካርቶኑ ውስጥ 30፣ 28 ወይም 20 ፍሬ ሊኖር ይችላልና። ሲቆጠርም የአገልግሎት ማብቂያ ጊዜው መታየት አለበት። በአብዛኛው መድኃኒት ላይ የሚታተመው ዘመን የአውሮፓውያን ነው። «06/2020» የሚል ጽሑፍ የሚያመለክተው የአውሮፓውያኑን የሰኔ ወር 2020 መጨረሻ ሲሆን፣ ይህም በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም ነው። ቁጥሩን በአገራችን ዘመን የሚያነብ ሰው መድኃኒቱ ገና 8 ዓመት የቀረው ሊመስለው ይችላል። ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት ከቁጥሩ ይወጣል፤ ወደ ጤና ተቋሙም ይመለሳል።

ሁለተኛ፣ በቀን የሚወሰደው ፍሬ። «ጠዋትና ማታ አንድ አንድ» ማለት በቀን 2 ፍሬ ነው። «በየ8 ሰዓቱ አንድ» ማለት በቀን 3 ፍሬ ሲሆን፣ ይህም ለምሳሌ ከጠዋቱ 12 ሰዓት፣ ከቀኑ 8 ሰዓትና ከምሽቱ 4 ሰዓት ሊሆን ይችላል። «በቀን ግማሽ» ማለት አንዱ ፍሬ ለ2 ቀን ይበቃል ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ የእያንዳንዱ ፍሬ ጉልበት። አንድ መድኃኒት በተለያየ ሚሊግራም ይዘጋጃል። በቀን 10 ሚሊግራም ኢናላፕሪል የታዘዘለት ታካሚ ባለ 10 ሚሊግራም 30 ፍሬ ቢሰጠው ለ30 ቀን ይበቃዋል። በተቋሙ ባለ 5 ሚሊግራም ብቻ ተገኝቶ ያው 30 ፍሬ ቢሰጠው ግን በቀን 2 መውሰድ ስላለበት የሚበቃው ለ15 ቀን ነው። ስለዚህ የካርቶኑ መልክ፣ የፍሬው ቀለም ወይም ቁጥሩ የተለወጠ እንደሆነ ታካሚው ከመስኮቱ ሳይርቅ «ይህ በቀን ስንት ነው? ስንት ቀን ያደርሰኛል?» ብሎ የመድኃኒት ባለሙያውን ሊጠይቅ ይገባል።

2. መሠረታዊው ስሌት

በእጅ ያለው ፍሬ በቀን ለሚወሰደው ፍሬ ሲካፈል የሚበቃበት የቀን ብዛት ይገኛል።

ለምሳሌ አንድ የስኳር ሕመምተኛ ባለ 500 ሚሊግራም ሜትፎርሚን 60 ፍሬ አለው፤ ጠዋትና ማታ አንድ አንድ ይወስዳል። 60 ለ2 ሲካፈል 30 ቀን ይሆናል። ያለው 45 ፍሬ ቢሆን 45 ለ2 ሲካፈል 22 ደርሶ 1 ፍሬ ይተርፋል። ተራፊዋ አንድ ፍሬ ሙሉ ቀን አትሸፍንም፤ ስለዚህ መልሱ 22 ቀን ነው። ተራፊ ምን ጊዜም ይተዋል እንጂ ወደ ላይ አይጠጋጋም።

ከአንድ በላይ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ለእያንዳንዱ ለየብቻ ያሰላል። ቀጠሮውን የሚወስነው ቀድሞ የሚያልቀው ነው።

3. የሚያልቅበትን ቀን ማግኘት

የኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው፤ ከጳጉሜን በቀር ወሩ ሁሉ 30 ቀን ነውና። በወሩ በ5ኛው ቀን ጠዋት የተጀመረ የ30 ቀን መድኃኒት የመጨረሻው ፍሬ የሚዋጠው በሚቀጥለው ወር በ4ኛው ቀን ነው። የተጀመረበት ቀን ራሱ እንደሚቆጠር መዘንጋት አያስፈልግም።

በገጠሩ ልማድ ቀን በበዓላት ይያዛል። ከዚህ ወር ሚካኤል እስከ ቀጣዩ ወር ሚካኤል ዋዜማ 30 ቀን ነው። በጁምዓ ወይም በገበያ ቀን ለሚቆጥሩ ደግሞ 4 ገበያ 28 ቀን ነው። ሁለቱም አቆጣጠሮች ትክክል ናቸው፤ ጥንቃቄ የሚያሻው ግን በሁለት ቦታ ነው።

የመጀመሪያው ባለ 28 ፍሬ እሽግ ነው። በቀን አንድ የሚወሰድ ከሆነ የሚበቃው ለ4 ሳምንት እንጂ ለአንድ ወር አይደለም። ሦስት እሽግ የተቀበለ ሰው የ84 ቀን መድኃኒት ይዟል፤ «ሦስት ወር ነው» ብሎ 90 ቀን ቢቆጥር 6 ቀን ያለ መድኃኒት ይውላል።

ሁለተኛው ጳጉሜን ናት። ነሐሴ 20 ቀን 2012 ዓ.ም ጠዋት የተጀመረ የ30 ቀን መድኃኒት በነሐሴ 11 ቀን፣ በጳጉሜን 5 ቀን፣ በመስከረም 14 ቀን ይወሰዳል፤ መስከረም 14 ቀን 2013 ዓ.ም ያልቃል ማለት ነው። ጳጉሜንን የዘለለ ሰው ግን እስከ መስከረም 19 ቀን የሚያደርሰው ይመስለዋል። በመካከሉ ያሉት 5 ቀናት መስቀልን ይጨምራሉ፤ ሰዉ ከያለበት ለበዓል በሚሰበሰብበት ሳምንት መድኃኒቱ አልቆበት ይገኛል። ጳጉሜን 6 ቀን በምትሆንበት ዓመት ልዩነቱ 6 ቀን ይሆናል።

4. ከቤት የመነሻውን ቀን መወሰን

መድኃኒት የሚያልቅበት ቀንና ወደ ጤና ተቋም የሚኬድበት ቀን አንድ አይደሉም። ከሚያልቅበት ቀን ወደ ኋላ ተቆጥሮ መጠባበቂያ መተው አለበት። ክትትሉ በአቅራቢያው ለሆነ ታካሚ ቢያንስ 7 ቀን፣ ወደ ሌላ ከተማ ተጉዞ መድኃኒት ለሚያመጣ ደግሞ 14 ቀን መተው ተገቢ ነው። የ14 ቀኑ ልክ ከላይ ከተገለጸው የመጋቢት 2012 ዓ.ም የእንቅስቃሴ ገደብ ርዝመት ጋር የሚስማማ ነው፤ በዚያ ጊዜ ይህን ያህል መጠባበቂያ የነበረው ሰው ገደቡን ያለ ጭንቀት ሊያሳልፍ ይችል ነበር።

ምሳሌ። በጃቢ ጠህናን ወረዳ ገጠር የምትኖር፣ ክትትሏ በፍኖተ ሰላም የሆነ አንዲት የደም ግፊት ታካሚ አለች እንበል። ሚያዝያ 5 ቀን 2012 ዓ.ም ጠዋት፣ የዕለቱን ሳትወስድ፣ መድኃኒቷን ስትቆጥር አምሎዲፒን 34 ፍሬ፣ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ 12 ፍሬ አገኘች። አምሎዲፒኑን በቀን አንድ፣ ሃይድሮክሎሮታያዛይዱን በቀን ግማሽ ትወስዳለች።

አምሎዲፒን፦ 34 ለ1 ሲካፈል 34 ቀን፤ ግንቦት 8 ቀን ያልቃል።
ሃይድሮክሎሮታያዛይድ፦ 12 ፍሬ በግማሽ በግማሽ 24 ቀን፤ ሚያዝያ 28 ቀን ያልቃል።
ቀድሞ የሚያልቀው፦ ሚያዝያ 28።
7 ቀን ወደ ኋላ፦ ሚያዝያ 21።

እንግዲህ መነሻዋ ረቡዕ ሚያዝያ 21፣ በማርያም ዕለት ነው። «ገና አንድ ሳምንት አለ» ብላ ብታቆየው የሚገጥማትን በካሌንደሩ ላይ ማየት ይቻላል። ዓርብ ሚያዝያ 23 የሠራተኞች ቀን ነው፤ 24 እና 25 ቅዳሜና እሑድ ናቸው፤ ማክሰኞ ሚያዝያ 27 የአርበኞች ቀን ነው። ከ23 እስከ 27 ባሉት 5 ቀናት ውስጥ መደበኛ የሥራ ቀን የሚሆነው ሰኞ ሚያዝያ 26 ብቻ ነው። በዚያች አንድ ቀን መኪናው ቢሞላ ወይም መድኃኒቱ በተቋሙ ባይገኝ ሌላ ዕድል የላትም። መጠባበቂያ የሚያስፈልገው ለእንዲህ ያለው ሳምንት ነው።

በክረምት ወራት መንገድ በጭቃ፣ ወንዝ በሙላት ይቆረጣል። ከዋናው መንገድ ርቆ የሚኖር ሰው ከሰኔ እስከ መስከረም በመጠባበቂያው ላይ ጥቂት ቀናት ሊጨምር ይገባል።

5. በፍሬ የማይቆጠሩ መድኃኒቶች

ኢንሱሊን። 10 ሚሊ ሊትር የሚይዝ፣ በአንድ ሚሊ ሊትር 100 ዩኒት ያለው ብልቃጥ በጠቅላላው 1,000 ዩኒት ነው። ጠዋት 18፣ ማታ 12 ዩኒት የሚወጋ ሰው በቀን 30 ዩኒት ይጨርሳል፤ 1,000 ለ30 ሲካፈል 33 ቀን ይሆናል። ሆኖም ብዙዎቹ የኢንሱሊን ዓይነቶች ከተከፈቱ በኋላ የሚያገለግሉት ለ4 ሳምንት ያህል ነው፤ አንዳንዶቹ እስከ 6 ሳምንት ይቆያሉ። የተሰጠው ዓይነት የ28 ቀን ከሆነ መልሱ 33 ሳይሆን 28 ነው። ስለዚህ ለኢንሱሊን ሁለት ቁጥር ይሰላል፤ የሚያንሰውም ይወሰዳል። የተከፈተበት ቀን በብልቃጡ ላይ ይጻፍ። ያልተከፈተ ብልቃጥም ያለ ማቀዝቀዣ ብዙ ስለማይቆይ፣ ማቀዝቀዣ የሌለው ሰው ሁለትና ሦስት ብልቃጥ በአንድ ጊዜ ከመውሰዱ በፊት አቀማመጡን ከባለሙያ ጋር ይነጋገር። ከፀሐይና ከምድጃ የራቀ፣ በእርጥብ ጨርቅ ወይም በውኃ የሚቀዘቅዝ የሸክላ ዕቃ ይረዳል። በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ግን ቢቀልጥም አይወጋም።

በአፍ የሚሳብ የአስም መድኃኒት። በስፋት የሚታወቀው የሳልቡታሞል ዕቃ 200 ጊዜ ይረጫል። በቀን 4 ጊዜ ሁለት ሁለት ርጭት የሚወስድ ሰው በቀን 8 ይጠቀማል፤ 200 ለ8 ሲካፈል 25 ቀን ነው። ዕቃውን ውኃ ላይ አንሳፍፎ መለካት ትክክለኛ ውጤት አይሰጥም። ባለፈው 25 ቀን ያደረሰ ዕቃ አሁን በ12 ቀን ካለቀ ጉዳዩ የስሌት ብቻ አይደለም፤ ሕመሙ እየባሰ ሊሆን ስለሚችል ታካሚው ሳይውል ሳያድር መታየት አለበት።

ሽሮፕ። 100 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ፣ በቀን 3 ጊዜ 5 ሚሊ ሊትር ከሆነ በቀን 15 ሚሊ ሊትር ይወሰዳል፤ 6 ቀን ይበቃል፣ 10 ሚሊ ሊትር ይተርፋል። የወጥ ማንኪያ መለኪያ አይደለም፤ ከጠርሙሱ ጋር የተሰጠው መስፈሪያ ብቻ ይጠቅማል።

6. ስሌቱ የጎደለ እንደሆነ

መድኃኒት እንዳያልቅ ብሎ ቀን መዝለል፣ ሁለቱን አንድ ማድረግ ወይም ፍሬውን መግመስ አደገኛ ነው። የደም ግፊት መድኃኒት ያቋረጠ ሰው ምንም ሳይሰማው ግፊቱ ከፍ ብሎ ለስትሮክ ሊጋለጥ ይችላል። ሕይወቱ በኢንሱሊን ላይ የተመሠረተ ታካሚ መርፌውን ቢያቋርጥ በጥቂት ቀናት ውስጥ ለሞት ሊያደርስ የሚችል ሁኔታ ላይ ይወድቃል። ፌኖባርቢታልን በድንገት የተወ የሚጥል በሽታ ታካሚ በተከታታይ ሊጥለው ይችላል፤ ምድጃ አጠገብ ወይም ወንዝ ዳር ከሆነ ደግሞ አደጋው ይበረታል። የሳንባ ነቀርሳና የኤችአይቪ መድኃኒት ሲቆራረጥ ተሕዋስያኑ መድኃኒቱን ይለማመዳሉ።

ስለዚህ ቁጥሩ እንደማያደርስ የታወቀ ዕለት፣ መድኃኒቱ ሳያልቅ፣ በቅድሚያ የቀበሌው ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ወይም የቅርቡ ጤና ጣቢያ ይጠየቅ። በስልክ መጠየቅ ለሚሻ ነጻ የስልክ መስመሮች 8335 እና 952 አሉ። ትኩሳት፣ ሳል ወይም የመተንፈስ ችግር የጀመረው ታካሚ መድኃኒት ለማምጣት መኪና ከመሳፈር ይልቅ በመጀመሪያ ይደውል። በተቋሙ ስምምነት አንድ ጤነኛ የቤተሰብ አባል የቀጠሮ ካርዱንና የመድኃኒቱን ባዶ እሽግ ይዞ፣ አፍና አፍንጫውን ሸፍኖ ሊያመጣለት ይችላል።

ቆጠራው ሌላም ጥቅም አለው። በቀን አንድ የሚወሰድ 30 ፍሬ ከ21 ቀን በኋላ 9 መቅረት አለበት። 13 ከቀረ 4 ቀን ተዘሏል ማለት ነው። የተዘለለውን ለማካካስ ደርቦ መዋጥ አይገባም፤ ለምን እንደተዘለለ ለባለሙያው መንገር ግን ይገባል። በጾም ወራት ሰዓቱን ማሸጋሸግ ያስፈለገው ታካሚም እንዲሁ አስቀድሞ ይመካከር፤ የቀኑ መጠን በጾም አይቀነስም።

7. መጠባበቂያና ክምችት

መጠባበቂያ ማለት ከታዘዘው ላይ ሳይጎድል ቀድሞ መተካት ነው። ክምችት ማለት ደግሞ በፍርሃት ተገፋፍቶ ከሚያስፈልገው በላይ መግዛት ነው። በቡሬ ያለ አንድ ሰው ከየመድኃኒት ቤቱ የዓመት መድኃኒት ቢሰበስብ፣ በማግስቱ ከሽንዲ የመጣው ታካሚ ባዶ እጁን ይመለሳል፤ የተከማቸውም በቤት ሙቀት ይበላሻል። ሕመሙ የተረጋጋ ታካሚ የሁለት ወይም የሦስት ወር መድኃኒት በአንድ ጊዜ ሊሰጠው ይችል እንደሆነ ሐኪሙን ይጠይቅ። ከኤችአይቪ ታካሚዎች መካከል ጤናቸው ለተረጋጋው የ6 ወር መድኃኒት በአንድ ጊዜ የመስጠት አሠራር ከወረርሽኙ በፊትም የነበረ ነው። የጎረቤትን መድኃኒት ተበድሮ መዋጥ ግን አይገባም፤ ስሙ አንድ ሆኖ ሚሊግራሙ ሊለያይ ይችላል፤ ያበደረውም ሰው ስሌቱ ይፈርሳል።

መልመጃ

በወምበርማ ገጠር የሚኖር፣ ከዋናው መንገድ የራቀ አንድ የሚጥል በሽታ ታካሚ ሰኔ 10 ቀን 2012 ዓ.ም ጠዋት 60 ፍሬ መድኃኒት አለው፤ በቀን 2 ይወስዳል። ክትትሉ በቅርቡ ባለ ጤና ጣቢያ ስለሆነ የ7 ቀን መጠባበቂያ ይዟል፤ ለክረምቱ መንገድ ደግሞ 3 ቀን ይጨምራል። መቼ ይነሣ?

መልስ፦ 60 ለ2 ሲካፈል 30 ቀን ነው። ሰኔ 10 ራሱ ተቆጥሮ እስከ ወሩ መጨረሻ 21 ቀን፣ ከሐምሌ 9 ቀን፤ ስለዚህ የመጨረሻው ፍሬ ሐምሌ 9 ይዋጣል። 7 ቀን ወደ ኋላ ሐምሌ 2፣ ተጨማሪ 3 ቀን ወደ ኋላ ሰኔ 29። መነሻው ሰኔ 29 ነው።

መድኃኒት በተቀበሉበት ዕለት ሁለት ቀናት በካርቶኑ ላይ ይጻፉ፦ «የሚያልቅበት» እና «የመነሻ»። ሁለተኛው ቀን በቤተሰቡ ሁሉ ዘንድ የታወቀ ይሁን፤ ታካሚው ቢረሳ የሚያስታውሰው፣ ቢታመምም ተነሥቶ የሚሄድለት ሰው በቤት ውስጥ ይኖራልና።